አባትህ አልጃጀም

ቆቦ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮናስ አላምረው
ዱባይ

ልጄ ዮናስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር እስክሪብቶውን ካነሳሁ በኋላ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ቆይቻለሁ። ተናድጃለሁ። እናት እንዴት ነህ ሳትል በቁጣ አትጀምርም ካልክ፣ እሺ፣ እንዴት ነህ? ሙቀቱ እንዴት አድርጎሃል? ሥራውስ? ደህና ከሆንክ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን አርፈህ ስማኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ስትደውል ሁልጊዜ መኪና ላይ ነህ፤ አባትህ ደግሞ ድምፅህን ልስማ ብሎ ከጎኔ ተለጥፎ ይቀመጣል። እሱ እየሰማ የማይወራ ነገር አለ። የሮቢቷ ሲቲ ፈቃዷን ጨርሳ እሑድ ወደዚያው ስለምትመለስ፣ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ብታምርም ባታምርም በገዛ እጄ ጽፌ በእሷ ልኬልሃለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንድትቆምም አዝዣታለሁ።

አባትህ አልጃጀም። ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ። አንተ ከዱባይ፣ እህትህ ብዙነሽ ከጎብዬ በስልክ ተመካክራችሁ "አባባ ጃጅቷል፣ የመርሳት በሽታ ነው" ብላችሁ የፈረዳችሁበት ሰውዬ፣ ዛሬ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ሚካኤል ተሳልሞ መጥቶ፣ ይኸው አሁን ማሳው ዳር ቆሞ ማሽላ አጫጆቹን "ዛላውን አታርግፉት!" እያለ ይጮህባቸዋል። ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። የጃጀ ሰው እንዲህ ይጮሃል?

ማን ዳኛ አደረጋችሁ? ዕድሜውን ሙሉ ደም ሲያደርቅ የኖረ ሰው ነው። በዚህ አገር የማን አያት ከማን ጋር ተጣልቶ እንዴት እንደታረቀ ቢጠየቅ በቃሉ የሚያወርድ ሰው ነው። አንተ ግን ለእኔ ሳትነግረኝ ለሽማግሌዎቹ ደውለህ "አባቴ ከእንግዲህ ለሽምግልና አይበቃም፣ ሌላ ሰው ተኩበት" አልካቸው። ለእኔ ሳትነግረኝ! ከእሱ ጋር ያረጀሁት እኔ፣ የሰማሁት ከገበያ። ሽንኩርት ስገዛ ነው የነገሩኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልያዝልህ። አባትህ ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ፣ ከጤና ጣቢያው በሚሰጡት ክኒን ደህና ነበር። ከዚያ አንተ የስኳር መለኪያውን ላክህ። መልካም አደረግህ፣ ያን ጊዜም መርቄሃለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታህ ተለወጠ። "አባባ እንዴት አደሩ" ቀረና "ስንት ሆነ?" መጣ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ቀን ዝም ትላለህ። ዝቅ ያለ ቀን "ጎበዝ አባባ! አንበሳ!" ትላለህ። አባትህ ደግሞ አንተ አንበሳ እንድትለው የማያደርገው ነገር አልነበረም። ቁጥሩ ከፍ ካለ እራቱን ይገፋል፤ "ልጁ ይከፋዋል" ይለኛል። ጠዋት ጣቱን ወግቶ ትንሽ ቁጥር ያየ እንደሆነ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ እየሳቀ ያሳየኛል። እየሳቀ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

ይህ አልበቃህ ብሎ ያችን ነጭ ክኒን በሰው እጅ ላክህ። "ይቺ የውጭ ናት፣ በዚያኛዋ ላይ ደርባችሁ ስጡት፣ እዚህ ሰው ሁሉ ይወስዳታል" አልክ። ማን ነገረህ? አብሮህ የሚኖር ጓደኛህና በስልክ ላይ የሚለፈልፍ አንድ ሰውዬ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። አባትህን የምትወደው መሆኑን አውቃለሁ፣ እሱን አልክድህም። ግን የወደዱትን ሁሉ እየሳሙ መለቅለቅ አይቻልም።

ያቺ ክኒን ከገባች ወዲህ ቤታችን ሌላ ሆነ። ጠዋት ልብሱ በላብ ርሶ ይነሳል፤ የቆላ ሙቀት ነው እያልን እናልፈዋለን፣ ውጭው ግን ብርድ ነው። በሆነ ባልሆነው ይቆጣል። በዕድሜው ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ሰድቦኛል። አንድ ቀን ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ተጫምቶ፣ አንተ ልጅ ሳለህ የሸጥናትን ግመል ፍለጋ ወጣ፤ ጎረቤት ነው ከአስፋልቱ የመለሰልኝ። ቁርስ ቀምሶ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ሰውዬው ይመለሳል። "ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታዩኝ?" ይላል። ብዙነሽ መጥታ ይህን አየችና አለቀሰች፣ ወደ አንተ ደወለች፣ በማግስቱ ጠበል ወሰደችው። በባዶ ሆዱ! ሁለቱን ክኒን አስውጣ! ጠበሉ ምን በደለ? ሲመለስ ስሜን መጥራት አቅቶት "አንቺ ሴትዮ" ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አምና ክረምት የጌታሁን ልጅ ወደ ማሳዬ የሚገባውን የጎርፍ ውሃ ጠልፈህብኛል በሚል ጠብ የኡሙሃኒን ልጅ አሕመዲንን እንደገደለው ሰምተሃል። ገዳዩ ታስሯል። ግን ደም በእስር ቤት አይደርቅም። የአሕመዲን ታናሽ ወንድም በየገበያው የጌታሁንን ዘር ሲፈልግ ከረመ፤ ጌታሁን ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ፣ ማሽላውም ጠባቂ አጥቶ ወፍ በላው። ሌላ ሰው ሳይሞት ብለው ሽማግሌዎቹ አባትህን ከፊት አድርገው ሮቢት፣ ኡሙሃኒ ደጅ ሄዱ።

ደንቡን አንተም እያየህ ነው ያደግኸው። ሽማግሌ የሟች ቤት ደጅ ተቀምጦ ዕርቅ ሲለምን፣ "እሺ" እስኪባል ድረስ እህል ውሃ በአፉ አይዞርም። ቢያቀርቡለትም አይነካም። እሺ ሳይባል የቀመሰ ሽማግሌ ልመናውን በልቶታል ይባላል። አባትህም ማለዳ ሁለቱን ክኒን ውጦ፣ "ልጄ የላከልኝን አላቋርጥም፣ ቁርስ ግን ለዕርቅ የሚሄድ ሰው አይበላም" ብሎኝ ወጣ። ለምኜው ነበር። እንቢ አለ። ሄዶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

ቀትር አለፈ። ኡሙሃኒ ልቧ አልመለስ አለ። የሰው ሁሉ ዓይን አባትህ ላይ ነበር፤ እሱ ይናገር እየተባለ ይጠበቃል። እሱ ግን በላብ ተዘፍቋል፣ ምላሱ ተሳስሯል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ የሟችን እናት እንዲህ አላት፦

"ኡሙሃኒ፣ አሕመዲን የት ሄደ? ጥሩት እንጂ! እሱ ራሱ ይምጣና ይታረቅ።"

እኔ አልነበርኩም። የነገሩኝ ሰዎች ግን ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንድምየው ዱላውን አነሳ፤ ሽማግሌዎቹ አባትህን ደግፈው ባጃጅ ውስጥ አስገብተው አሸሹት። ባለባጃጁ የራሱን ሚሪንዳ መንገድ ላይ አጠጣው። ቆቦ ሲደርሱ አባትህ ሰው ሆኖ "እሺ አሉ ወይ?" ብሎ ጠየቀ። የተናገረውን አንድ ቃል አያውቅም። እስከ ዛሬም አልነገርነውም፤ ፀሐይ መትቶህ ወደቅህ ብለነዋል። በየቀኑ "ለመሆኑ እዚያ ምን አልኩ?" ይለኛል፤ እኔም "ምንም አላልክ" እለዋለሁ።

አንተ በዚያው ሰሞን ነው ፍርድህን የሰጠኸው። አዲስ አበባ ክፍል ተከራይተህ፣ ሰው ቀጥረህ ልታስቀምጠው፤ መሬቱንም ለእኩል አራሽ ልታሰጥ። ብዙነሽ ናት የነገረችኝ። የትኛው መስኮት ሥር ነው አባትህን የምታስቀምጠው? ጠዋት ወጥቶ ሰማይ ካላየ ቀኑ የማይነጋለትን ሰው? የሚያውቀው ሰው በሌለበት "እንዴት አደርክ" የሚለው ማን ነው? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ብጠራው ብጠራው አልነቃ አለ። ጥርሱን ነክሷል፣ ገላው ቀዝቅዟል። ጎረቤቶች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱልኝ። ከጎንደር ተመድባ የመጣች ትርሲት የምትባል ነርስ ጣቱን ወግታ ቁጥሩን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ሮጣ በደም ሥሩ ስኳር ሰጠችው። ዓይኔ እያየ ሰውዬው ተመለሰ። "ማንያህልሻል፣ እዚህ ምን እንሠራለን?" አለኝ። ስሜን ጠራኝ! እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትርሲት የሚወስደውን ሁሉ አሳዩኝ አለች። ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ሰጠኋት። ያችን ነጯን አነሳች።

"ይቺን ማን አዘዘላቸው?"

"ልጄ።"

"ልጅዎ ሐኪም ነው?"

"ሹፌር ነው።"

ክኒኗን ለብቻዋ ለየቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለአንተም ለእኔም አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ግን አልተቆጣችኝም፤ ወንበር ስባ ተቀምጣ አስረዳችኝ። "እማማ፣ አእምሮ የሚሠራው በስኳር ነው። ሲያልቅበት ሰው ያልበዋል፣ ይቆጣል፣ ይቃዣል፣ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። በእሳቸው ዕድሜ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢውል ይሻላል እንጂ እንዲህ መውረድ የለበትም። ክኒን ውጠው ሳይበሉ መዋል ደግሞ በጭራሽ!" አለችኝ። እኔም ጠየቅኋት፤ "የጠፋው ልቡናው ይመለሳል ወይ፣ ልጄ?" አልኳት። "ብዙው ይመለሳል። ግን እንዲህ ደጋግሞ ሲወርድ አእምሮን ይጎዳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም" አለችኝ። ይህን የመጨረሻውን ለብዙነሽ አልነገርኳትም።

የአንተን ክኒን በዚያው ቀን አስጣሉን፤ የጤና ጣቢያዋንም ሐኪሙ ቀነሳት። በልቶ ነው የሚውጣት። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። የንስሐ አባቱም መጥተው "በሽተኛ ጾም የለበትም፣ ብትጾም አልፈታህም" ብለው ገዝተውታል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ደረቅ ልብስ ለብሶ ይነሳል። ይቀልዳል። በእኔ ወጥ ያማርራል። ትርሲት ስታየው "አያ አላምረው ጎረመሱ" ትለዋለች። አንተ ደግሞ ትናንት ደውለህ "ስንት ሆነ?" አልከው! ቁጥሩን ሲነግርህ "ከፍ ብሏል አባባ፣ ምን እየበሉ ነው?" አልከው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ምሳውን ገፋው። አሁን ገባህ ለምን እንደተናደድኩ? ከእንግዲህ ከደወልክ "በሉ ወይ?" በል። ሌላ ጥያቄ ከአፍህ ብሰማ ስልኩን ከአስፋልት ነው የምወረውረው።

ቁጣዬን ልግታና ደግ ነገርም ልንገርህ፤ ይህንንም ማወቅ ይገባሃልና። ሽማግሌዎቹ ያንተን ቃል ሰምተው አባትህን ተዉት፤ ያለ እሱ ደግሞ ኡሙሃኒ ደጅ የሚደፍር ጠፋ። ወንድምየው መሣሪያ ሊገዛ ነው ተባለ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ብቻዬን ሄድኩባት። "ኡሙሃኒ፣ ያን ቀን ያንን ያናገረው ጥጋብ አይደለም፣ ንቀትም አይደለም። ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ያለ እህል አንቺ ደጅ ስለዋለ ነው። ይቅር በይን" አልኳት፤ ልንበረከክም ስል ክንዴን ያዘችኝ።

ክንዴን እንደያዘች አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ፣ "ወላሂ ማንያህልሻል፣ ልጄ ከተቀበረ ወዲህ ስሙን እፊቴ የጠራ ሰው የለም። ሁሉም 'ሟች፣ ሟች' ይለኛል። አያ አላምረው 'አሕመዲንን ጥሩት' ሲሉ እኔ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ይመጣል ብዬ አየሁ" አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ማልቀስ ነበር። ስወጣ፣ "ማክሰኞ ይምጡ። እሳቸው ካልመጡ ግን ሌላ ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ" አለች።

ማክሰኞ ዕለት ቁርሱን በግድ አብልቼ እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ኡሙሃኒ ከቤቷ ወጣች፤ በሳህን የማሽላ እንጀራ በወተት ፈትፍታ ይዛለች። ቀጥ ብላ አባትህ ፊት መጥታ ቆመች።

"ይብሉ፣ አያ አላምረው።"

አባትህ ሳህኑን አላየም። "አልቀምስም፣ ኡሙሃኒ። እሺ ሳትይኝ የቤትሽን እህል አልቀምስም" አለ።

"እሺ ብያለሁ። ይብሉ" አለች።

ሰው ሁሉ ድርቅ አለ። ደንቡን የማያውቅ አልነበረማ! እሷ ግን አልጨረሰችም፤ ወደ ታናሹ ልጇ ዞራ "አንተም ና፣ እጃቸውን አስታጥባቸው" አለችው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ሁለተኛ አልጠራችውም፤ ጠበቀችው። መጨረሻ ላይ ጆጉን አንስቶ መጣ። ውሃውን አባትህ እጅ ላይ ሲያፈስ ፊቱን አዙሮ ስለነበር እጀ ጠባቡን ሁሉ አረጠበው። አባትህም በላ። የዚያን ሁሉ ሽማግሌ ጢም እንባ ሲያረጥበው ያየሁት ያን ቀን ነው። አየህ፣ ልትሽረው የነበረው ሰው ይህ ነው። ደሙ የሚደርቅበት፣ ሁለቱ ወገን የሚማማሉበት ቀን ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ምርቃቱም የአባትህ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቁጣዬ ይህ ነው። ረግሜህ እንዳይመስልህ፤ የእናት ቁጣ እርግማን የለውም። የምትነዳበትን መንገድ እግዚአብሔር ይጥረግልህ። መሪውን የያዘውን እጅህን ይጠብቅልኝ። የለፋህበት ይባረክ፣ የሰው አገር ሰው አይጣላህ፣ ጎንህ ክፉ አይንካው። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ አሜን።

እዚህ ላይ ልፈርም ነበር። አልሆነልኝም።

ማክሰኞ ከኡሙሃኒ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ተማሪዎች የሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። አስፋልቱ በልጆች ተሞልቷል። አባትህ አንገቱን አውጥቶ አንድ በአንድ ሲያያቸው ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ዮናስ ወጥቷል? አስፋልቱን ብቻውን እንዳይሻገር፣ ቆመን እንጠብቀው እንጂ" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። ባለባጃጁን አስቆመው።

በልቶ ነበር ዮናስ። ጠግቦ በልቶ ነበር። ላብ የለበትም፣ እጁም አልተንቀጠቀጠም።

ልጆቹ አልፈው እስኪያልቁ ቆምን። ይመጣል አልኩት። ይመጣል ብዬዋለሁና ውሸታም እንዳታደርገኝ።

እናትህ
ማንያህልሻል